ላልጻፍኩት ታሪክ የተጠየቅኩት ይቅርታ

ለክብርት የቤተ መጻሕፍቱ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ሆነ? ዓይንዎስ ከአዲሱ መነጽር ጋር ተስማማ? ደረጃ ሲወጡ የሚያስቸግርዎት ግራ ጉልበትዎ እንደተሻለው ተስፋ አደርጋለሁ፤ አዲሱ ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ሰምቻለሁና። እኔ ደኅና ነኝ። እንቅልፌም ደኅና ነው፤ ከሥራ የተሰናበተ ሰው ማልዶ የሚነሣበት ምክንያት ስለሌለው፣ ዕድሜ ለእርስዎ፣ እስኪበቃኝ እተኛለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ባለፈው ማክሰኞ በሾፌርዎ በኩል የላኩልኝ ወረቀት ስለደረሰኝ ነው። ሾፌሩ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ፖስታውን ሲሰጡኝ ፊቴን ላለማየት የበሩን ማጠፊያ ነበር የሚያዩት። ወረቀቱ የይቅርታ ደብዳቤ ነው። እኔ የምጽፈው ነገር እንዳይኖር ታስቦ ሙሉ በሙሉ ተተይቦ ያለቀ፣ የጎደለው የእኔ ፊርማ ብቻ የሆነ የይቅርታ ደብዳቤ። «በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የተገኙትን አራት የፍትወት ታሪኮች የጻፍኩት እኔ ብቻ መሆኔን አምኜ፣ በእያንዳንዳቸው ከልብ መጸጸቴን እገልጻለሁ» ይላል። ብፈርም ወደ ሥራዬ እንደምመለስ ሾፌሩ በቃል ነገሩኝ፤ ይህኛው ክፍል በጽሑፍ እንዲሰፍር አልተፈለገም መሰለኝ።

መልሴን በግል ልልክልዎ አስቤ ነበር። ነገር ግን እርስዎ የስንብት ደብዳቤዬን በዋናው መግቢያ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከንባብ ሰዓት ማስታወቂያው አጠገብ፣ ለሦስት ሳምንት ስለለጠፉት፣ እኔ ብቻ ተደብቄ መልስ መስጠቴ ነውር ሆኖ ታየኝ፤ ስለዚህ ይህ ለሁሉም ግልጽ ደብዳቤ ነው። ይህን የሚያነብ ሰው ሁሉ ጉዳዩን ስለማያውቅ ከሥሩ እጀምራለሁ። ምስጋናዬንም በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ እርስዎ ነገር በተራ ቁጥር ሲቀርብልዎ እንደሚወዱ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

፩. በመጀመሪያ፣ ስለ ሐሳቡ አመሰግንዎታለሁ።

እኔና እርስዎ በዚያ ቤት ሥራ የጀመርነው የዛሬ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በአንድ ወር ነበር። እርስዎ መጻሕፍት ይመዘግቡ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ የሚያሳትማቸውን ጽሑፎች አርም ነበር። አንድ ጠረጴዛ ለሁለት፣ አንድ መሳቢያ ለሁለት። «አንቺ» ተባብለን የኖርን፣ ሆድ ለሆድ የተዋወቅን ሰዎች ነበርን። ምሳ ሰዓት ላይ እናቴ ቤት ሄደን በልተን እንመለስ ነበር፤ እናቴ ለእርስዎ የምትቆርሰው ሁልጊዜ ከእኔ ይበልጥ እንደነበር ቅሬታ ሳቀርብ፣ እርስዎ አፍዎን ሞልተው ይስቁብኝ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ አዳዲስ ልብ ወለዶች መጥተው ሊመዘግቧቸው ተሰጡዎት። አንድ ቀን ሰባቱን ታቅፈው መሬት ቤት ወዳለው የመጻሕፍት ጥገና ክፍል ገቡ። እኔ እዚያ የነበርኩት ከመጽሐፍ ጠራዧ ጋር ለመጨዋወት ነው። ጠራዧ ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት የሆናት፣ ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት የቀራት፣ ቃል ከአፏ የማይወጣ ሴት ናት፤ ይህን ለእርስዎ መንገር ባያስፈልገኝም ለአንባቢ ነው። የእሷ ጎረቤት የሆነችው አዋላጅም ቅጠሉ የተገነጠለ የሙያ መጽሐፏን ልታስጠርዝ መጥታ ነበር። እርስዎ በሰባቱም መጻሕፍት ውስጥ የወረቀት ቁራጭ ከትተው ኖሮ፣ ወንድና ሴት ወደ መኝታ ክፍል የሚገቡባቸውን ገጾች አንድ በአንድ አነበቡልን። በመጀመሪያው መብራት ይጠፋና ምዕራፉ ያልቃል። በሁለተኛው ሴቲቱ እንደ አበባ ትፈካለች። በሦስተኛው ታለቅሳለች። በአራተኛው ካለቀሰች በኋላ ታመሰግናለች። ሰባተኛው ላይ ስንደርስ አዋላጇ ሆዷን ይዛ ሙጫ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ትስቅ ነበር።

እርስዎ ግን አልሳቁም። «ሰባት መጽሐፍ፣ ሰባት ሴት። አንዷንም ምን እንደተሰማት የጠየቃት የለም። እስቲ እኛ እንጻፈው» አሉ።

እኔ አራሚ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም ብዬ ተከራከርኩ። ዐሥራ ሰባት ዓመት የሰው ዓረፍተ ነገር ሲያቃና የኖረ ሰው የራሱ አንድ ዓረፍተ ነገር አጥቶ አይቀርም ብለው አሳመኑኝ። ስለዚህ ለታሪኩ መነሻ ምስጋናው የእርስዎ ነው፤ ከሥራ ባሰናበተኝ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ላይ ይህ ነጥብ በስሕተት ሳይገባ ስለቀረ ነው ማንሣቴ።

፪. ስለ ቅዳሜዎቹ አመሰግንዎታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ለአንባቢ ከመከፈቱ በፊት ሁለት ሰዓት ያህል ነበረን። ጥገና ክፍሉ ሙጫና አሮጌ ወረቀት ይሸታል፤ ጠራዧ ያጣበቀቻቸውን መጻሕፍት በብረቱ መጭመቂያ ውስጥ አስገብታ ታጠብቃለች፣ አዋላጇ ከአዳር ሥራ መጥታ ዓይኗን እያሻሸች ሻይ ትቀዳለች፣ እርስዎ በሩን ከውስጥ ይቆልፋሉ። ከዚያ በየተራ እናነባለን።

የፍትወት ታሪክ ሲባል ሰው ምን እንደሚገምት አውቃለሁ፤ ጉዳዬ ሲጣራ አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ የገመተውን ፊቱ ላይ አይቻለሁ። የአዋላጇ ታሪክ ሦስት ልጅ ከወለደች በኋላ ባሏን አስቀምጣ የምትወደውንና የማትወደውን በቃል የነገረችው ሴት ታሪክ ነበር፤ ባልየው እንዳይረሳው ብሎ እስክሪብቶ ሲፈልግ ነው የሚያልቀው። የጠራዧ ታሪክ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሰዓቷን ልታሠራ ሄዳ፣ ሰዓት ሠሪው ማሰሪያውን አንጓዋ ላይ ሲያስርላት የሚሆነው ነው። ሌላ ምንም አይሆንም። ማሰሪያውን ያስርላታል፣ ጠበቀ ወይ ይላታል፣ አልጠበቀም ትለዋለች፣ እንደገና ይፈታዋል። አንብባ ስትጨርስ ሦስታችንም በያዝነው ወረቀት ፊታችንን እናራግብ ነበር፤ እሷ ደግሞ መርፌዋን አንሥታ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው መስፋት ጀመረች።

የእኔ ታሪክ ሊፍት ውስጥ ስለተቆለፈባቸው ሁለት የሥራ ባልደረቦች ነበር። አዋላጇ የሰጠችው አስተያየት እስከ ዛሬ ድረስ ጆሮዬ ላይ አለ፤ ሊፍቱ በጣም ቶሎ ተሠራ፣ አንባቢሽ ገና ጫማውን እንኳ አላወለቀም፣ አለችኝ። ልክ ናት። ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ሊፍቱ ቶሎ ተሠራ።

የእርስዎ «መጋረጃው» ነበር።

ለማያውቁት ልንገራቸው። አንዲት የሃምሳ ዓመት ሴት አለች። ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ስትኖር ባሏ ገላዋን በቀን ብርሃን አይቶት አያውቅም፤ ሁልጊዜ አስቀድማ መጋረጃውን ትስባለች። አንድ ቀን መጋረጃውን ለማጠብ አውርዳ፣ ራሷም ታጥባ ስትወጣ፣ ባልየው የረሳውን መነጽር ፍለጋ በቀትር ይመለሳል። መስኮቱ ራቁቱን ነው፤ እሷም እንዲሁ። ፎጣው ወንበሩ ላይ፣ እጇ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ነው። አታነሣውም። ታሪኩ ይኸው ነው። ግን እንዴት እንደተጻፈ! እሱ መጥቶ ከወሊድ የቀሩትን የሆዷን ሰንበሮች፣ መነጽሩን እንደረሳ ሰው፣ በጣቱ ጫፍ እያንዳንዱን መስመር ተከትሎ ሲያነብ፤ እሷም ዓይኗን ሳትጨፍን፣ ሃያ ስድስት ዓመት ጨፍናው የነበረውን ዓይኗን ሳትጨፍን፣ ፊቱ ላይ የሚሆነውን ስታይ። ከዚያ በኋላ ያለውን እዚህ አልደግመውም፤ ደራሲዋ አልፈቀዱልኝም። ሳያፍር የተጻፈ፣ ሳይቸኩል የተጻፈ፣ በእያንዳንዱ ቃል ውስጥ ሁለት ሰው የሚተነፍስበት ነገር ነው እላለሁ፣ ይበቃል።

ሲያነቡልን ጠራዧ አለቀሰች። እኔ፣ የሰው ጽሑፍ ፊቴ ሲቀርብ እጄን የሚበላኝ እኔ፣ እርሳሴን ከጠረጴዛው ላይ አላነሣሁም። እርስዎም ቀና ብለው «እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለራሴም» አሉን። ያን ቀን ሰው ሲወለድ ያየሁ ነበር የመሰለኝ፤ አዋላጇም እዚያው ስለነበረች ትመሰክራለች።

፫. ስለ እጅ ጽሑፌ የሰጡትን ግምት አመሰግናለሁ።

አራቱ ታሪኮች ሲያልቁ፣ ማን የትኛውን እንደጻፈ እንዳይታወቅ ሁሉም በአንድ ሰው እጅ እንዲገለበጡ ሐሳብ ያቀረቡት እርስዎ ነዎት። የእኔ ጽሑፍ ከሁሉም ያምራል አሉ። ደስ ብሎኝ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ተቀምጬ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይጎድል አራቱንም በአንድ ደብተር ገለበጥኩ። የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶች እርስዎ ራስዎ በጠራዧ መቁረጫ ከታተፏቸው። ደብተሩ በእርስዎ መሳቢያ ተቆለፈ፤ ቁልፉም ከእርስዎ ዘንድ ሆነ።

ያን ጊዜ ለአራታችንም ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቀን አስቤበታለሁ። አሁንም ድረስ ያን ጊዜ ተንኮል እንዳልነበረብዎት አምናለሁ። እንዲያ ካላመንኩ እነዚያን ቅዳሜዎች በሙሉ ማጣት ሊኖርብኝ ነው፤ ሥራዬን ወስደውብኛልና እነሱን ለራሴ ላስቀር።

፬. ስለ ስብሰባው።

የዛሬ አምስት ወር ዋና ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። እኔና ጠራዧ ከማንም በፊት እልል ያልን ሰዎች ነን። በሦስተኛው ሳምንት ጠረጴዛዎን ወደ ላይ ሲያወጡ መሳቢያው ተከፈተና ደብተሩ ደረጃው ላይ ወደቀ፤ ያነሣው ሰው ሁለት ገጽ አንብቦ፣ ምን ያድርግ፣ ወደ ሰው ሀብት ክፍል ወሰደው። እስከዚህ ድረስ የማንም ጥፋት የለም። አንድ ሰው ደውሎልዎት ደብተሩ የማን ነው ቢልዎት፣ የግሌ ነው ብለው መቀበል ይችሉ ነበር። አላውቀውም ማለትም ይችሉ ነበር፤ ይህንንም ቢሆን አልቀየምም፤ ሰው ሲደነግጥ ብዙ ነገር ይላል። እርስዎ ያሉት ግን ሌላ ነው። ከአንዲት ሠራተኛ እጅ የያዙት ማስረጃ መሆኑን፣ ለምርመራ ቆልፈውበት እንደነበረ ተናገሩ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ሰብሳቢዋም ራስዎ ሆኑ።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት አዳራሹ ውስጥ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ዳር ተቀምጬ ነው። ስጠራ ለቤተ መጻሕፍቱ መጽሔት እርማት መስሎኝ እርሳሴን ይዤ ነበር የገባሁት። የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የእርማት ወረቀቶቼ ከደብተሩ ጋር ተነጻጽረው፣ የእጅ ጽሑፉ የእኔ መሆኑ ተረጋገጠ። እኔኑ ቢጠይቁኝ ኖሮ በአንድ ደቂቃ አረጋግጥላቸው ነበር። ጠራዧ በምስክርነት ተጠርታ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች፤ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጣቶቿን ትቆጥር ይመስል ነበር።

ከዚያ ከኮሚቴው አባላት አንዱ «ከሁሉም የከፋው» የተባለውን ታሪክ እንዲያነቡ ተደረገ። ከሁሉም የከፋው «መጋረጃው» ነበር። ሰውየው የበጀት ሪፖርት በሚያነቡበት ድምፅ ጀመሩ። ወደ ሁለተኛው ገጽ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ቀነሰ። ፎጣው ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሰንበሮቹ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ሆነ። ማንም አልሳቀም። ሲጨርሱ ወረቀቱን ወዲያው አላስቀመጡትም።

እርስዎ ብርጭቆዎን በሁለት እጅዎ እንደያዙ፣ «ወይዘሪት፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አሉኝ።

በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንቱ ያሉኝ የመጀመሪያው ቀን ያ ነው። ክብር ሰው ላይ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ሊፈስስበት እንደሚችል አላውቅም ነበር። እርስዎን አየሁ፤ እርስዎ መዝገቡን ያዩ ነበር። ጠራዧን አየሁ፤ ሦስት ዓመት ነው የቀራት። አንድ ቃል ብናገር እሷም ትጎተታለች፣ አዋላጇም በሥራ ቦታዋ ትጠየቃለች፣ የእርስዎም ባለቤት እቤት ሆነው ስለ መስኮታቸው ከሰው አፍ ይሰማሉ። ስለዚህ አዎ አልኩ። አራቱንም እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ በኋላ ይጠብቁኛል ብዬ ነበር፤ አልዋሽም። ቀለል ያለ ማስጠንቀቂያ ይጽፉልኝና፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው ያለቅሳሉ ብዬ ነበር የገመትኩት።

እርስዎ ግን «ሴት ልጅ ይህን ልታስበው እንኳ አይገባም» ብለው በቃለ ጉባኤው አስጻፉ፤ ስንብቱንም በዚያው ሳምንት ፈረሙ። ቅዳሜ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ስልኬን እጄ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ግን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

፭. ስለ እናቴ።

እናቴ ነገሩን የሰማችው ከጎረቤት ነው፤ ሰሌዳው ላይ ያነበበ ሰው አላፊ አግዳሚውን አይምርም። ዓይኗ ስለደከመ፣ ከስንብቱ ጋር ማስረጃ ተብሎ የተያያዘልኝን የታሪክ ቅጂ እንዳነብላት አዘዘችኝ። ክብርት ሆይ፣ በአርባ አራት ዓመቱ ለወለደችው እናቱ የፍትወት ታሪክ ጮክ ብሎ ያነበበ ሰው ካለ ያገናኙኝ፤ የምንመካከረው አለን። ቃል ልዘል ስል «አትዝለይ» ትለኛለች፤ መዝለሌን በምን እንደምታውቅ አላውቅም። እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰችና፣

«ይኼን አንቺ አልጻፍሽውም» አለችኝ።

እኔ ነኝ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«ይኼ ሃያ ምናምን ዓመት ካንድ ሰው ጋር የተኛ ሰው ነገር ነው። አንቺ ደሞ ከልጅነትሽ ችኩል ነሽ።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያቺ ምሳ የምቆርስላት ናት አይደል?»

ወረቀቱን ማጣጠፍ ጀመርኩ። እናት ናትና ገባት። ትሰድብዎታለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ በእውነቱ እንድትሰድብዎት ፈልጌም ነበር። እሷ ግን «ምስኪን» አለች። «እንዲህ ያለ ነገር ከሆዷ አውጥታ፣ እንዴት አርጋ መልሳ ትውጠዋለች?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እርስዎ አላነሣችም። ምሳ ግን አሁንም አስተርፋ ትቆርሳለች፤ ልማድ ነው ትላለች።

፮. ስለ ይቅርታ ወረቀቱ።

እንግዲህ ወደ ማክሰኞው ወረቀት ልመለስ። ለአራት ወር ምንም አልተናገርኩም። ሰፈር ውስጥ በዓይኑ የሚሸኘኝን ችያለሁ፣ ሦስት ማተሚያ ቤት ለሥራ ሄጄ «ኦ፣ እርስዎ ነዎት» ተብዬ ተመልሻለሁ። አዋላጇ መጥታ ቢሮዎ በር ላይ እጮኻለሁ ስትል በስንት ልመና አስቀርቻታለሁ። ይህ ወረቀት ባይመጣ ኖሮ ዕድሜ ልኬን ዝም እል እንደነበር ይመኑኝ። አሁን ግን ጠራዧና አዋላጇ ስለ እነሱም እንድጽፍ ፈቅደውልኛል።

ስለ ሊፍቱ ብቻ ተጸጸቺ ቢሉኝ ልፈርም እችል ነበር፤ በእውነቱ ቶሎ ተሠርቷል። ነገር ግን ወረቀቱ «በእያንዳንዳቸው» ይላል። በአዋላጇ ታሪክ ባልየው እስክሪብቶ ፍለጋ ስለተነሣ እኔ ምን ብዬ ልጸጸት? ጠራዧ ከዘጠኝ ዓመት ዝምታ በኋላ ስላወጣቻት አንዲት የሰዓት ማሰሪያስ? እነዚህ ሴቶች ከዚያ በፊት ሙሉ ዕድሜያቸውን የሌላ ሰው ልጅ ሲያዋልዱ፣ የሌላ ሰው መጽሐፍ ሲሰፉ፣ የሌላ ሰው ፊደል ሲያርሙ የኖሩ ናቸው። በራሳቸው ገላ ላይ የተሰማቸውን በራሳቸው ቃል ሲጽፉ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ጠራዧ የጻፈችው ሰሞን አንገቷን ቀና አድርጋ ትሄድ እንደነበር እርስዎ ራስዎ ነበሩ ያሳዩኝ። ይህን ነገር እንደ ሌብነት ቆጥሬ ይቅርታ ልጠይቅበት አልችልም። «መጋረጃው»ን በተመለከተ ደግሞ፣ ያልሠራሁትን መልካም ሥራ የእኔ ነው ማለቴ አንድ ነውር ነው፤ መጸጸቱ በላዩ ቢጨመር ሁለት ይሆንብኛል።

እርግጥ ነው፣ ይህ ሁሉ ውሸት ነው ማለት ይችላሉ። ማስረጃ የለኝም። እያንዳንዱ ፊደል በእኔ እጅ ነው የተጻፈው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ያን ቀን፣ ያ ሰውዬ ሲያነብ፣ ድምፁ ሲለወጥ ሰምተሻል። ብርጭቆውን እንደዚያ አጥብቀሽ የያዝሽው ፈርተሽ ብቻ ነው? ለአንዲት ደቂቃ እንኳ «የእኔ ነው» ማለት አላማረሽም? አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ያንቺን ቃል ሲሰማ አይተሽ፣ እንዴት አስችሎሽ ወደ እኔ ዞረሽ ጠየቅሽኝ? እኔ እንደዚያ አድርጌ መጻፍ ብችል ኖሮ፣ ከሥራ አይደለም ከምድር ቢያባርሩኝ አልክደውም ነበር። ለሥራው ይሁን፤ ሥራ ይገኛል። ያን ታሪክ የጻፈችው ሴት ጓደኛዬ ነበረች። በአራት ወር ውስጥ በየመንገዱ፣ በየአውቶቡሱ ስፈልጋት አንድ ቀን አላገኘኋትም። የት አደረግሻት?

ይቅርታ ያድርጉልኝ ክብርት። አንቱታዬን ዘነጋሁ፤ እንደማይደገም ቃል እገባለሁ።

ለማጠቃለል፣ የላኩልኝን ወረቀት ሳልፈርምበት ከዚህ ጋር መልሻለሁ። ፖስታው ንጹሕ ስለነበረ አስቀርቼዋለሁ። ቅዳሜዎቻችን በእናቴ ሳሎን ቀጥለዋል፤ ጠራዧ አዲስ ታሪክ ጀምራለች፣ አዋላጇ ከአዳር ትመጣለች፣ እናቴ ደግሞ ከማናችንም የከበደች ሃያሲ ሆና ተገኝታለች። አምስተኛ ወንበር አላዘጋጀንም፤ ቤቱ ጠባብ ነው።

ለእርስዎ፣ ለተከበረው ባለቤትዎ፣ ለሦስተኛው ፎቅ ቢሮዎና ለመስኮቶቹ ሁሉ ጤና እየተመኘሁ፣ ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወዳጅነትዎ፣ ለአንድ ቀን ችሎትዎና ለሦስት ሳምንት ማስታወቂያዎ ያለኝን ምስጋና በድጋሚ በመግለጽ፣ ከወገብ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎት፣

የቀድሞ የጠረጴዛ ተጋሪዎ፣ የቀድሞ አራሚዎ፣
በቃለ ጉባኤ ተረጋግጦ የአራት ታሪኮች ብቸኛ ደራሲ የሆንኩት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከሦስቱ የኮሚቴ አባላት አንዱ፣ ማን እንደሆኑ አልናገርም፣ ባለፈው እሑድ ቤቴ ድረስ መጥተው ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ፣ ለባለቤታቸው የሚያነቡላቸው አንድ የ«መጋረጃው» ቅጂ እንድሰጣቸው በትሕትና ለምነውኛል። የሰው ጽሑፍ ያለ ደራሲው ፈቃድ መስጠት ደግሞ ሙያዬ አይፈቅድልኝም። ስለዚህ ፈቃድዎን በጽሑፍ እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ፤ ከተቻለ በራስዎ እጅ ጽሑፍ።